ሞቅ ያለ ቤት

ሰው ሞቅ ይለዋል፤ ቤትም ሞቅ ይላል። እኔ ባደግኩበት ጉለሌ ሁለቱ ተነጣጥለው አይመጡም ነበር። አንድ ሰው ለብቻው ጠጥቶ ሞቅ ብሎት ከታየ ሰፈሩ ደስ አይለውም። «ምን ገጥሞት ይሆን?» ይባላል፤ ማታውኑ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚጠይቀው አይጠፋም። ሞቅታ የብዙ ሰው ነገር ነበር። ዛሬ ግን ቃሉን የምሰማው አብዛኛውን ጊዜ በወቀሳ ነው፦ «በሞቅታ የተወሰነ ውሳኔ»፣ «የምርጫ ሞቅታ»፣ «ሞቅታው ሲበርድ ይታያል»። ጋዜጠኛውም ፖለቲከኛውም የጥፋት ስም አድርጎታል። እኔን ያሳደገኝ ሞቅታ እንዲህ ሲብጠለጠል ስሰማ ይከፋኛል። ስለ እሱ የማስታውሰውን ልጻፍ ያልኩትም ለዚህ ነው።

በአማርኛችን የማይሞቅ ነገር ጥቂት ነው። ገበያ ይሞቃል፣ ጨዋታ ይሞቃል፣ ሠርግ ሞቅ ደመቅ ይላል፣ እንግዳ ሞቅ ያለ አቀባበል ይደረግለታል። ለቅሶ እንኳ ይሞቃል፤ አልቃሿ ደረቷን እየደቃች የሟቹን ሙያና ደግነት ስትዘረዝር «ለቅሶውን አሞቀችው» ይባላል፤ ትልቅ ምስጋና ነው። ልጃቸው ወደ ዓረብ አገር ወይም ወደ አሜሪካ የተሰደደባቸው እናት «የሞቀ ቤቱን ጥሎ ሄደ» ብለው ያለቅሳሉ፤ ያ ቤት ምናልባት ጣሪያው የሚያፈስ፣ ግድግዳው የተላላጠ ነው። የሞቀው በሰው ነው። የመጠጡም ሞቅታ የዚሁ ዘመድ ነው።

አያቴ ኅዳር ሚካኤልን ትዘክር ነበር። ዝክሩ ኅዳር 12 ቀን ይሁን እንጂ በእኛ ቤት የሚጀምረው ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ጋኑ ከጓዳ ወጥቶ በግራዋ የታጠበ ዕለት ነው። ግራዋው ሸክላውን ሲፈገፍገው አረንጓዴ አረፋ ያወጣል፤ ምሬቱ ከአፍንጫ አልፎ ጉሮሮ ላይ ይሰማል። ከዚያ ወይራ ፍም ላይ ይደረግና ጋኑ በአፉ ይደፋበታል። የእኔ ሥራ ጢሱ እንዳያመልጥ በጋኑ አፍ ዙሪያ እርጥብ ጨርቅ መጠቅጠቅ ነበር። ዓይኔ እያለቀሰ እጠቀጥቃለሁ፤ አያቴም ካጠገቤ ቆማ «በዚያ በኩል፣ በዚያ በኩል» ትለኛለች። ያ የወይራ ጢስ ከጋኑ ወደ ጠላው፣ ከጠላው ወደ ሰዉ ልብስ እየተላለፈ እስከ ገና ድረስ ይሸተን ነበር።

የተወቀጠው የጌሾ ቅጠል ከውሃ ጋር ይጠነሰሳል። ጥንስሱ ሦስት አራት ቀን ከቆየ በኋላ የብቅል ዱቄትና የተቆራረሰ ቂጣ ይጨመርበታል። ቀጥሎ እንኩሮው ይመጣል፤ የተቆላው ገብስ ተፈጭቶ፣ በውሃ ታሽቶ፣ ምጣድ ላይ እየተገላበጠ ይበስላል። ይህ ሁሉ ጋን ውስጥ ሲገናኝ ድፍድፍ ይሆንና መፍላት ይጀምራል። አያቴ ጆሮዋን ወደ ጋኑ አስጠግታ ታዳምጠው ነበር። እኔንም ጠርታ አስደምጣኛለች፤ ውስጡ በቅዳሴ ሰዓት ወደ ኋላ ቆመው እንደሚያንሾካሹኩ ሴቶች ድምፅ አለው። ፍላቱ ሲረግብ «ደርሷል» ትላለች። ያኔ ውሃ ተጨምሮበት ይከደንና አፉ ይመረጋል። ሰዓት አይታይ፣ ሚዛን አይያዝ፤ ሁሉም በጆሮዋ፣ በአፍንጫዋና በጣቷ ነው።

የዝክሩ ዕለት ከመቅዳቷ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ይህ በየቤቱ ያለ ወግ ነው፤ የሚያጠጣው ሰው መጀመሪያ ራሱ ጠጥቶ ለእንግዳው ያረጋግጥለታል። ካህኑ ጸበል ጸዲቁን ባርከው የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሳሉ፤ ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ። ጠላ ኃይለኛ መጠጥ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 በመቶ ቢሆን ነው አልኮሉ፤ ድፍድፉ ላይ ዳግመኛ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቅራሪ ከዚያም ያንሳል፤ ለእኛ ለልጆቹ የሚደርሰንም እሱ ነበር። እንግዲህ በጠላ ሞቅ ለማለት ብዙ መጠጣት፣ ብዙ ለመጠጣት ደግሞ ብዙ መቀመጥ ያስፈልጋል። ሰው ሲቀመጥ ያወራል። ጨዋታው ቀድሞ ይሞቃል፤ መጠጡ በኋላ ይደርስበታል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከተኳረፉ ወር የሞላቸው ሁለት ጎረቤታሞች ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ሲሳሳቁ አይቻለሁ፤ ማን እንዳስታረቃቸው የሚያውቅ አልነበረም።

ከቤታችን በታች፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ላይ አንድ ጠላ ቤት ነበር። ምልክቱ እንደሌሎቹ ሁሉ ዱላ ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ነው። ጣሳው ካለ ጠላ አለ፤ ከወረደ አልቋል። ባለቤቷን ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ብቻ ነበር የሚላቸው። አግዳሚዎቹ ግድግዳ ታከው የተተከሉ ስለሆኑ ሁሉም ፊት ለፊት ይተያያል፤ ጀርባ ሰጥቶ መጠጣት አይቻልም። እትዬ ጥግ ላይ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው የእያንዳንዱን ሰው መጠን ያውቁ ነበር። ሸማኔው አራት ጣሳ፣ ዘበኛው ሦስት፣ ጡረተኛው መምህር ሁለት። ከመጠኑ ሊያልፍ የፈለገውን «አባቴ፣ ይቺን ጨርስና ሂድ፤ ልጆቹ ሳያዩህ እንዳይተኙ» ይሉታል። ገንዘብ ይዞ ቢለምናቸውም አይቀዱለትም። የሚተዳደሩት በዚያችው በጣሳ ሳንቲም ነበር፤ ያም ሆኖ አይቀዱለትም።

እዚያ ቤት የሰው ሁኔታ በደረጃ የሚነገርበት ቋንቋ ነበር። «ቀመስ አድርጓል» የተባለ ሰው ገና ሰላምተኛ ነው። «ሞቅ ብሎታል» ሲባል ጨዋታው አምሮለታል፤ ያስተቃቅፋል፣ ያዘፍናል፣ የተጣላውን ይቅር ያስብላል። «ሞቅ ሞቅ ብሎታል» ሲደጋገም ዓይን ይጣልበት ማለት ነው። «አናቱ ላይ ወጥቶበታል» ከተባለ አንድ ሰው ተነስቶ ይሸኘዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ስካር ነው፤ ጥንብዝ ማለት፣ ጥንቢራ መዞር፣ ራስን መሳት። ስለ ስካር ሲወራ ድምፅ ይቀነሳል። ስለ ሞቅታ ግን በግልጽ ይወራል፤ ሽማግሌዎችም ይገለገሉበታል። ክፉ ቃል የተናገረ ሰው በማግስቱ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲቀርብ «ሞቅ ብሎት ነው፤ ይለፈው» ይባላል። ተበዳዩም ያልፈዋል፤ ሁለተኛ ግን እንደዚያ አይባልለትም።

ጠጅ ቤት ሌላ ዓለም ነበር። ጠጅ በጥንቱ ዘመን የመሳፍንትና የመኳንንት መጠጥ ነበር፤ በግቢው ግብር ላይ በማዕረግ የሚታደል። የጠጅ ቤቱ አግዳሚ ላይ ግን ሸማኔውም፣ ተሸካሚውም፣ ቄስ ገበዙም እኩል ይቀመጣል፤ ብርሌው የሁሉም አንገቱ አንድ ነው። ጥሩ ጠጅ አንድ እጅ ማር ከሦስት እስከ አምስት እጅ ውሃ ሆኖ ይበረዛል፤ ብርዙ መፍላት ሲጀምር የጌሾ እንጨት ይገባበትና እንደ አገሩ ቅዝቃዜ ሳምንትም ከዚያ በላይም ይቆያል። ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ደረቅ ተብሎ ነው የሚታዘዘው። ደረቁ ወደ 10 በመቶ ሊጠጋ ስለሚችል እንደ ጠላ በጣሳ አይገለበጥም። ጠጪው ብርሌውን በአንገቱ ይዞ ዝንብ እንዳይገባበት አውራ ጣቱን አፉ ላይ ያሳርፋል፤ አንድ ጎንጨት ካለ በኋላ ጣቱን መልሶ ወሬውን ይቀጥላል። አባቴን እንድጠራ በተላክሁ ቁጥር በሩ ላይ ቆሜ የማየው ያንን የአውራ ጣት ረድፍ ነበር። ቶሎ አልጠራውም ነበር፤ አዝማሪው እስኪጨርስ እቆያለሁ።

የአዝማሪው ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ በተሠራ አንድ ጅማት ነው የሚጮኸው። ያ አንድ ጅማት ቤቱን የሚያሞቀው ግን ለብቻው አይደለም። ከጠጪዎቹ አንዱ «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው ጆሮውን ያዘነብላል፣ ግጥሙን ይሰማል፣ ሳይውል ሳያድር በዜማ አድርጎ ለቤቱ ይመልሰዋል። አንድ ምሽት አንድ ሸማኔ ሁልጊዜ ተጋብዞ የማይጋብዝ ወዳጁን እያየ እንዲህ አለ፦

የወዳጄ ኪሱ ምን ያለ ጎታ ነው፣
ሲገባ አየን እንጂ ሲወጣ ያየ ማነው?

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ወዳጁ አልተቀየመም፤ ብር አውጥቶ የአዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈና «አንተም ተቀበል» ብሎ የሸማኔውን ሚስት ባለሙያነት፣ የሸማኔውን ስንፍና የሚናገር ሁለት ስንኝ ሰጠ። እንዲህ ሲመላለሱ አዝማሪው ከመሃል ሆኖ ያንዱን ለሌላው ያደርስ ነበር። ሰው በሰው ፊት የማይናገረውን እዚያ በዜማ ይናገረዋል፤ የተነካውም በዜማ ይመልሳል። ሞቅ ያለው ማን ነበር? ሸማኔው ነው? አዝማሪው ነው? እኔ ደጃፉ ላይ የቆምኩት ልጅም አንድ ጉንጭ ሳልቀምስ ሞቆኝ ነበር።

ያ ጨዋታ ሞቅ እያለ ሲሄድ ወደ ሽለላ የሚሻገርበት ጊዜ አለ። በዘመኑ ከአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ትግል የተረፉ አባቶች ገና ነበሩ። አንዳቸው፣ በቀን ሲያዩዋቸው ዝምተኛ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው የሚሄዱ ሰው፣ ሁለተኛውን ብርሌ ሲጨርሱ ድንገት ይነሳሉ። ጋቢውን ወገባቸው ላይ ያገለድማሉ፤ ከዘራውን እንደ ጠመንጃ ያነሳሉ። የአዝማሪው ዜማ ይቀየራል። አባባ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እያሉ የዋሉበትን ሸለቆ፣ የወደቁ ጓደኞቻቸውን ስም እየጠሩ ይፎክራሉ። ድምፃቸው ሲሰነጠቅ ከጎናቸው ያሉት «ይበቃል ጌታዬ፣ ይበቃል» ብለው ትከሻቸውን ይዘው ያስቀምጧቸዋል። ሲቀመጡ ያለቅሱ ነበር። በቀን ማንም የማይጠይቃቸውን ነገር ያ ምሽት ይጠይቃቸዋል። ይህን «የመጠጥ ወሬ» ያለ ሰው አልሰማሁም።

ወራሪው ራሱ የዚያን ዓይነት ቤት ጉልበት ያውቅ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ሕዝቡ በሦስት ቀን ውስጥ በገፍ ተጨፈጨፈ፤ ይህ ሳይበቃው ግራዚያኒ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ ጠንቋዮችንና እየዞሩ የሚያዜሙ ተራኪዎችን ተይዘው እንዲረሸኑ አዘዘ። መትረየስ የያዘ ጦር ማሲንቆ የያዘውን የፈራው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሰዉ ሞቅ ብሎት በተሰበሰበበት ቤት የተዘፈነ ስንኝ በማግስቱ ገበያ ላይ ነው፤ በሳምንቱ አውራጃ ያቋርጣል።

በአብዮቱ ጊዜም የሰዓት እላፊው ምሽታችንን ቆረጠው። ጠጪው ከሰዓቱ በፊት ቤቱ መግባት ስላለበት ቶሎ ቶሎ ይጠጣል፤ ቶሎ የተጠጣ ደግሞ ሳይሞቅ ነው የሚያሰክረው። መሃል ከተማ ያሉት ትልልቆቹ ሆቴሎች በር ዘግተው እስኪነጋ አስጨፈሩ፤ የእኛ ሰፈር ጠጅ ቤት ግን ያን ያህል አቅም አልነበረውም። ውቤ በረሃ የሚባለው የፒያሳው የሌሊት ዓለምም ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ያንን ዓለም ደራሲው ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» በሚለው ልብ ወለዱ ውስጥ አስቀርቶልናል፤ ለዚህ ብቻ እንኳ አመሰግነዋለሁ።

ይህን ስል ጉዳቱን ረስቼ አይደለም። ደመወዙን በአንድ ምሽት ብርሌ ውስጥ ጨርሶ ልጆቹን ጾም ያሳደረ አባት በሰፈራችን ነበር። ሚስቱን የሚደበድብም ነበር። እትዬም ቢሆኑ ጠላ የሚጠምቁት አማራጭ ስላልነበራቸው ነው፤ ጢሱ ዓይናቸውን አጥፍቶታል፤ ጋን መሸከሙ ወገባቸውን አጉብጦታል። ጠላ ሻጭ ሴት ላይ ሰው ያልለጠፈው ስም የለም። ያን ሁሉ ዓመት ሌላውን ያሞቁበት ቤት ለእሳቸው ጉልበታቸው የፈሰሰበት ነው። ሲሞቱ ግን ለቅሷቸው ላይ ከሰፈሩ የቀረ አልነበረም።

እንዲህ ያለው የሞቀ ቤት እንዴት እንደጠፋ በአንድ ምክንያት ልናገረው አልችልም። ማር ተወደደ፤ በማር ፋንታ ስኳር ገባ፤ ቢጫው በቀለም መጣ። በስኳር የተጣለ ጠጅ ራስ ያሳምማል እንጂ አያጫውትም፤ ሰዉም ሸሸው። ቢራ እንደሆነ የመጣው ዛሬ አይደለም፤ ጊዮርጊስ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ እኔ ልጅ ሳለሁ ግን የሰፈር ሰው የሚጠጣው ለልዩ ቀን ነበር። ቢራው የሁሉ ቀን ሲሆን ጠርሙሱን ሁሉም በየግሉ ያዘ። ከጋን መቀዳት ቀረ፤ መዳፍ ላይ ጠብ አድርጎ የሚቀምስልህ ሰውም አብሮ ቀረ። ከሁሉ የከፋው ለእኔ ድምፅ ማጉያው ነው። ዘፈኑ ከጣሪያ ላይ ሲወርድብህ ጎረቤትህን አትሰማውም፤ «ተቀበል» ብትልም የሚቀበልህ የለም። ሙዚቃው ይጮሃል፣ መብራቱ ይዞራል፣ ሰዉ ስልኩን ያያል። እዚያ ቤት ሰካራም አይታጣም። ሞቅ ያለው ሰው ነው ያጣሁት።

ቃሉም ይህንን ተከትሎ ከእጃችን እየወጣ ነው። ጫት የሚቅሙት ወጣቶች «ምርቃና» አሉ፤ የምርቃና መጨረሻው ዝም ብሎ በየራስ ሐሳብ መስመጥ ነው፤ ሲለቅም ሰው ያስጠላል። ሞቅታ ደግሞ ለፖለቲካው ተረፈ፤ የየካቲት 1966 ዓ.ም. ሞቅታ፣ የሽግግሩ ሞቅታ እየተባለ ታሪክ ጸሐፊው እንደ በሽታ ይጠራዋል። የ1966ቱን ያዩ ሰዎች ሲነግሩኝ ግን ዓይናቸው ያበራል። ታክሲ ነጂው፣ አስተማሪው፣ ወታደሩ፣ ካህኑ ሳይቀሩ ጥያቄያቸውን ይዘው አደባባይ የወጡበት ወቅት ነው፤ የማይተዋወቅ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ስለ አገሩ የተነጋገረበት። ደም በገፍ የፈሰሰው ያ ሞቅታ ከታፈነ በኋላ ነው። ለዚህ ነው ቃሉን ለወቀሳ ብቻ አሳልፎ መስጠት የማይሆንልኝ።

አዝማሪ ቤት ለረጅም ዘመን ካዛንቺስ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች ነው፤ የማሲንቆ ሰፈር ያደረገው ግን የራሳችን ሰው ነው። አመሻሽ ላይ በጠባቡ መንገድ ሲያልፉ ከዚህም ከዚያም በር የሚወጣው ዜማ ይቀላቀል ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አብዛኛው ካዛንቺስ ፈረሰ። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ቀደም ብሎ፣ በ2016 ዓ.ም. ሄዷል። ሰዉ ተበትኖ በየአቅጣጫው በኮንዶሚኒየም ሰፈረ፤ ደጃፍ ለደጃፍ የነበረ ጎረቤት በሌላ የከተማ ዳር ነዋሪ ሆነ። አዲሱ ቤት ውሃና መጸዳጃ አለው፤ ይህን አላንኳስስም። ጋን የሚቀመጥበት ጓዳ ግን የለውም፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ወይራ ቢታጠን ጎረቤቱ እሳት ተነሳ ብሎ ይጮሃል።

ባለፈው ጥር በአንድ እንዲህ ባለ ግቢ ሠርግ ተጠርቼ ነበር። ጠላው ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ነው የተጠመቀው፤ ጢሱ ጎድሎታል፣ ጌሾው ግን ደህና ነው። ሠርጉ ዕለት ድምፅ ማጉያው ማንንም አላነጋገረም። በሦስተኛው ቀን፣ ዋንጫ ልቅለቃ ላይ፣ ማጉያው ለባለቤቱ ተመልሶ ነበርና የቀረው ሰው ብቻ ሆነ። አምስት ዓመት በአንድ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ስም የማይጠያየቁ ሰዎች በተረፈው ጠላ ዙሪያ ተቀመጡ። አንድ ወጣት፣ ከፈረሰው ካዛንቺስ በቅርቡ የመጣ፣ የፕላስቲክ ወንበሩን በጣቱ እየመታ «ተቀበሉ!» አለና ስለ ሊፍቱ አለመሥራት ሁለት ስንኝ ጣለ። አዝማሪ የለም፤ ሴቶቹ ተቀበሉት። ስድስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ሽማግሌ፣ በየቀኑ ያን ደረጃ የሚወጡት፣ ከተቀመጡበት መለሱለት፤ ግቢው በእልልታ ተሞላ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሙሽራዋ አክስት ለፋሲካ አንድ ላይ መጥመቅ አለብን ብለው ተነሱ። ጌሾው ለወጣቱ፣ ብቅሉ ለሁለቱ እህትማማቾች፣ እንኩሮው ለእሳቸው ተከፋፈለ። አጠናኑን አውቃለሁ ስላልኩ ለእኔ የደረሰኝ ጋንና ወይራ ማፈላለግ ነው፤ ወይራውን ከእንጦጦ አካባቢ አላጣውም፤ የሸክላ ጋን የት እንደሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።